ባዕድ ነገር

በዊኒፔግ ከተማ፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣
በረዶው ከላይ ቀልጦ ከሥሩ ድንጋይ ሲመስል፣
ስልክ ተደወለ ከወይዘሮ ስቴፋኒያ ቤት፦
«ምድር ቤቴ ሸተተኝ፣ ኑልኝ በፍጥነት።»

ወረድን። ጎርደን ከፊት፣ እኔ ገመዱን ተሸክሜ፤
ቁርጭምጭሚት የደረሰ ውሃ ውስጥ በቦቲ ቆሜ
አየሁት፦ ከልብስ ማጠቢያው ሥር፣ በወለሉ ቀዳዳ፣
ቤቱ የዋጠውን ይተፋል፣ እንደ ሰከረ እንግዳ።

እሷ ከደረጃው አናት፣ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ፣
«አፈርኩ» አለች፣ «አፈርኩ፣ ሰው ገበናዬን ሲያይ።»
ጎርደን ግን፣ ሠላሳ ዓመት ከሰው ገበና ጋር የኖረ፣
«የሁሉም ቤት ሆዱ አንድ ነው» ብሎ ክዳኑን አዞረ።

ካሜራው ትንሽ ነው፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ፣
ዙሪያውን መብራት የለበሰ፣ ዓይኑ የማይከደን፣ ፍጥጥ።
ገፋሁት።

አሥር ጫማ። ብረት፤ ዝገቱ እንደ ቆዳ ተልጦ።
አሥራ ዘጠኝ። የአርባ ዓመት ስብ፣ ነጭ ሆኖ ረግቶ ተቀምጦ።
ሠላሳ ሁለት። ብረቱ አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ ሸክላ ነው፣
ማን እንደተኮሰው አይታወቅ፣ ማን አፍ ለአፍ እንደገጠመው።
ሸክላ ሸክም ያውቃል፤ ሲሰነጠቅም አይናገር።
አርባ ሰባት ጫማ። ቆምኩ።

ሥር።
ከደጅ የቆመው ኤልም፣ በበጋ ሰው የሚያርፍበት፣
ጥላው መንገዱን የሚያለብስ፣ ወፍ የሚሰፍርበት፣
ማንም ሳያይ በስንጥቁ ገብቶ ሲጠጣ ከርሟል፤
ቡናማ ፀጉሩ በመብራቱ ፊት ይወዛወዛል።
ላይ ክብር፣ ታች ስርቆት። እኔ ግን አልፈረድኩበትም፤
የጠማው ውሃ ያለበትን አይስትም።

«ግፋ» አለኝ ጎርደን። ሥሩ እንደ መጋረጃ ተከፈተ፣
ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነጭ ነገር ወደኛ ተመለከተ።
ጥርስ።
ሙሉ ጥርስ፣ የላይና የታች፣ ከነሮዝ ድዱ፣
በሥር ፀጉር ተጠልፎ፣ ስቆ የቀረ በመንገዱ።

እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጎርደን «ኢየሱስ!» አለ።
ከኋላችን ግን የውሃ መንቦጫረቅ ተከተለ፤
ወርዳለች፣ በቤት ጫማዋ፣ ያን ሁሉ እድፍ ረስታ፣
ስክሪኑን በጣቷ ነካች፣ መሐረቧን ጥላ፣ ትታ።
«የኦሬስት ነው» አለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ «አንቺ ነሽ የጣልሽው» ሲላት፣
«ሰክረህ አንተው ነህ» ስትለው፤ ሌላ ግዛ ብትለው እምቢ ሲላት፣
ሾርባ ብቻ እየጠጣ፣ እልሁን እያላመጠ፣
«እውነቱ ይወጣል» እያለ፣ አንድ ቀን ከሾርባውም አመለጠ።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ ልብ ሲያዝን የሚስቅ፤
ይሄ ደግሞ በገንዘብ የመጣ፣ ባዳነቱ የሚታወቅ።
ባለቤቱ ከተቀበረ ሁለት ክረምት አልፎታል፤
እሱ እዚህ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሳቁን ይዞለታል።

መቁረጫው ከገባ ይፈጨዋል። «በመንጠቆ» ብላ ለመነች።
ጎርደን ሰዓቱን አየ፤ የሚቀጥለው ቤት ትጠብቃለች፣
ሦስት ልጆች ያሏት ሴት። ቢሆንም መንጠቆ አመጣ።
ሦስቴ ሞከርን፣ ሳተ። በአራተኛው የላዩ መጣ፤
የታቹ ተፈናጥሮ ወደ ከተማው ቦይ ሄደ፣ ላይመጣ።

ከዚያ መቁረጫውን ሰደድን። ጮኸ። ሥሩ ተበጣጠሰ።
ውሃው አንዴ አገሳ፣ ዞረ፣ በመጣበት ተመለሰ።
ዛፉ ከላይ ምንም አላለ። በሁለት ዓመት ይመለሳል፤
ሥር ቂም አይዝም፣ መንገዱን ግን ያስታውሳል።

ጎርደን ቅጹን ሞላ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፦
«አርባ ሰባት ጫማ ላይ፣ የዛፍ ሥር። አርባ ስምንት ላይ፣ ባዕድ ነገር» ጽፎ
ለፊርማ ሰጣት።

ጥርሱን በሙቅ ውሃ አጥባ ብርጭቆ ውስጥ አኑራለች።
አነበበች። እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች።
«ባዕድ» የሚለውን ሰረዘች፤ በላዩ ሌላ ቃል አልጻፈችም።
ፈረመች።

ቅጹ አሁንም መኪናው ውስጥ አለ፣ ከሌሎቹ ጋር፦
አርባ ስምንት ጫማ ላይ፣ ነገር።